ደብተር ላይ የወጣው ቅባት፦ ማዕድ ቤታችንን ስለ ማጣራትና ስለ ማደራጀት

ርእሰ መምህር በዓመታዊ መጽሔታችን ላይ ሲጽፍ አንባቢ የሚጠብቀው ስለ ፈተና ውጤት፣ ስለ ክፍል ጥበት ወይም ስለ ወላጅ ኮሚቴ እንደሆነ እናውቃለን። ዘንድሮ የምንጽፈው ግን ስለ ማዕድ ቤት ነው። ምክንያቱ የተነሣው ከትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ስለሆነ ከዚያው እንጀምር።

በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት አንዲት የአራተኛ ክፍል መምህርት የተማሪዎቿን ደብተር ታቅፋ ወደ ቢሯችን ገባች። አንድ በአንድ እየገለጠች አሳየችን። አንዱ ላይ የዘይት ጠብታ፣ አንዱ ላይ የሻይ ብርጭቆ ክብ፣ አንዱ ላይ በአውራ ጣት የታተመ በርበሬ አለ። «ለደብተራቸው ደንታ የላቸውም» የሚል ክስ ነበር ይዛ የመጣችው። ልጆቹን ጠርተን የቤት ሥራ የት ሆነው እንደሚሠሩ ስንጠይቅ ግን ክሱ ከልጆቹ ላይ ወረደ። አንዱ የሚጽፈው በዱቄት በርሜል ክዳን ላይ ነው። ሌላው ፍሪጁን ተደግፎ ጉልበቱ ላይ ይጽፋል። አንዷን ልጅ «ጠረጴዛ የላችሁም እንዴ?» ብንላት፣ «አለን፤ ግን ዕቃ አለበት» አለችን።

እዚህ ጅቡቲ ከተማ ውስጥ አብዛኞቻችን እንዴት እንደምንኖር ለአንባቢ መንገር አያስፈልግም። አንድ ክፍል ወይም ሁለት፣ ከዚያ አንዲት ጠባብ ማዕድ ቤት። ማታ ሳሎኑ የእንግዳም የቴሌቪዥንም የመኝታም ቦታ ነው። መብራት ያለውና የእናት ዓይን የማይለየው ሌላው ቦታ ማዕድ ቤት ስለሆነ ልጁ እዚያ ይቀመጣል። ይህ ክፉ ነገር አይደለም፤ እናቱ ሽንኩርት እየከተፈች የማባዛት ሰንጠረዥ የምታስጠናው ልጅ ዕድለኛ ነው። ችግሩ ልጁ የሚቀመጥበት ስንዝር ቦታ ማጣቱ ነው። ቦታው የጠበበው ደግሞ በግድግዳው ብቻ አይደለም።

ዕቃው ከየት እንደመጣ እናስብ። ማዕድ ቤት የሚሞላው በስንፍና ነው የሚሉ አሉ፤ እኛ አንስማማም። የኛን ቤቶች የሞላቸው ማሰብ ነው። መጀመሪያ «ሲያልቅ ከየት ይመጣል?» ብለን እናስባለን። በርበሬው፣ ሽሮው፣ ምጥን ቅመሙ ከአገር ቤት የሚመጣ ስለሆነ ሰው ሲገኝ የዓመቱን እናስመጣለን። በአሁኑ ጊዜ እ.ኤ.አ. ከ2018 መጀመሪያ ጀምሮ ባቡሩ ናጋድ ድረስ ሰው ያመላልሳል፤ በጋላፊም በደወሌም በኩል መኪና አይቋረጥም። በርበሬ እንደ ድሮው ብርቅ አይደለም፤ ልማዳችን ግን ገና በድሮው ባቡር ነው የሚሄደው።

ቀጥሎ «እንግዳ ቢመጣስ?» እንላለን። ለአምስት ሰው ቤተሰብ የሃምሳ ሰው ድስት ገዝተን በዓመት አንድ ጊዜ ለምትመጣ ማኅበር ዓመቱን ሙሉ ቦታ እንሰጠዋለን። ከዚያ «አገር ስንገባ» የሚባለው አለ። በካርቶን እንደታሸገ አልጋ ሥር ወይም ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ የብርጭቆ ስብስብ፣ ያልተከፈተ የጁስ መፍጫ፣ ለወደፊቱ ቤት የተገዛ የሸክላ ሳህን። ይህን በቀልድ የምንናገረው አይደለም። አገር የመግባት ተስፋ የሰው ልብ የሚያቆም ነገር ነው። ነገር ግን ሳህኑ በካርቶን ውስጥ ሆኖ አገር መግባትን ሲጠብቅ፣ ልጁ በበርሜል ክዳን ላይ እየጻፈ ከአንደኛ ክፍል አራተኛ ክፍል ደርሷል።

ስለ አደራ ለብቻው እንናገር። ከዚህ ከተማ ሰው ይሄዳል፤ ወደ ዓረብ አገር፣ ወደ አውሮፓ፣ ወደ አሜሪካ፣ አንዳንዱም ወደ አገር ቤት። የሚሄድ ሰው ሻንጣው የሚችለው ልብሱን ነው። ድስቱን፣ ምጣዱን፣ ረከቦቱን «እስክደላደል አስቀምጪልኝ» ብሎ ለወዳጁ ይተዋል። እኛም ጋ የአንዲት ወዳጃችን ሁለት ካርቶን ስምንት ዓመት ተቀምጦ ነበር። አደራ ነውና አንከፍተውም፣ አንሰጠውም፣ አንጥለውም። በላዩ ላይ ሌላ ዕቃ እንደራርባለን እንጂ።

አሁን ወደ ሥራው። ካይዘን የሚለውን ቃል ብዙ ወላጆች አገር ቤት በፋብሪካ ወይም በመሥሪያ ቤት ሰምታችሁታል። ጃፓንኛ ሲሆን ወደ ተሻለ መለወጥ ማለት ነው። አገራችን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2009 በጃፓን የቴክኒክ ድጋፍ በሙከራ ተጀመረ፤ በ2011 የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። ጃፓኖች በ«ሰ» ድምፅ በሚጀምሩ አምስት ቃላት የሚሉትን የኛ ሰዎች በ«ማ» በሚጀምሩ አምስት ቃላት አሳምረው መልሰውታል፦ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ። እኛ መጀመሪያ የሞከርነው በትምህርት ቤት ንብረት ክፍል ውስጥ ነበር። የተሰበረ ወንበር፣ እግር የሌለው ጠረጴዛና አዲስ መጽሐፍ አንድ ላይ ተቆልለው የነበረበትን ክፍል ስናጣራ፣ የለንም ብለን በየዓመቱ የምናስገዛው ጠመኔ ሦስት ካርቶን ከሥር ወጣ። ትምህርቱን ወደ ራሳችን ቤት ለመውሰድ ግን ዓመታት ፈጀብን። የልጆቹ አባት «በትምህርት ቤት ታስተምራላችሁ፣ በቤት ትወድቃላችሁ» እያለ ይስቅብን ነበር።

ከአምስቱ ከባዱ የመጀመሪያው ነው። ብዙ ሰው ማዕድ ቤቱን ሲያደራጅ ከሁለተኛው ይጀምራል፤ መደርደሪያ ይገዛል፣ ቅርጫት ይገዛል፣ ማንጠልጠያ ይመታል። ሳይጣራ የተደረደረ ዕቃ ግን በሥርዓት የተቀመጠ ትርፍ ነው። ስለዚህ ምንም ነገር ከመግዛታችሁ በፊት አንድ አርብ ጠዋት፣ ሙቀቱ ሳይበረታ፣ ሁሉንም ዕቃ አውጡ። ሁሉንም ስንል ከምጣዱ ጀርባ ያለውንም ነው። አንድ ዓይነቱን ከአንድ ዓይነቱ ጋር መሬት ላይ አድርጉት፤ ክዳን ከክዳን፣ ማማሰያ ከማማሰያ፣ የፕላስቲክ ዕቃ ከፕላስቲክ ዕቃ። ሰው ስንት እንዳለው የሚያውቀው ያኔ ነው። እኛ ቤት አሥራ አራት ክዳን የሌለው ዕቃ፣ ዘጠኝ ዕቃ የሌለው ክዳን ተገኘ። ሁለቱ አንድ እንኳ አልተጋጠሙም። ፌስታል የሞላ ፌስታል ደግሞ ከሦስት ቦታ ወጣ።

ከዚያ እያንዳንዱን አንሥቶ መጠየቅ ነው። በየቀኑ ወይም በየሳምንቱ የምንሠራበት ይመለሳል። የተሰነጠቀ፣ የዛገ፣ ሽፋኑ የተላጠ መጥበሻ፣ ጠርዙ የተሸረፈ ብርጭቆ ያለ ክርክር ይውጣ። የቀለም ወይም የኬሚካል ባልዲ የነበረውን፣ የቱን ያህል ቢታጠብ፣ ለዱቄትና ለውሃ አታድርጉት፤ ፕላስቲኩ የያዘውን መልሶ ሊሰጥ ይችላል። የቀረው የምንጠራጠርበት ነው። ካይዘን ለዚህ ቀይ ካርድ አለው፤ በቤት ቀይ ፕላስተር ይበቃል። ፕላስተሩን ለጥፋችሁ የዛሬውን ቀን ጻፉበትና ዕቃውን ከማዕድ ቤት ውጭ በአንድ ካርቶን አኑሩ። የተወሰነው ጊዜ ሳይደርስ ከፈለጋችሁት ይመለሳል፤ ካልፈለጋችሁት ይሄዳል።

እዚህ ላይ ከውጭ ከሚመጣው ምክር እንለያለን። ስድስት ወር ያልተነካ ዕቃ ይጣል የሚል ሕግ ለኛ ቤት አይሠራም። የድፎ ዳቦ መጋገሪያው በዓመት ሁለት ጊዜ ነው የሚወጣው፤ ያም ሆኖ ሥራ አለው። የጊዜው ልክ በበዓል ይቆጠር። ቀይ ፕላስተር የተለጠፈው ዕቃ በዓሉን ተሻግሮ ካልተነካ፣ ማለትም ለክርስቲያኑ ቤት ከመስቀል እስከ ፋሲካ፣ ለሙስሊሙ ከረመዳን እስከ ዓረፋ፣ በዚያ ቤት ሥራ የለውም።

ትልልቁ ድስት ግን በዓል ሲሻገርም ይነካል፤ በዓመት አንድ ቀን። ለዚህ መልሱን አገር ቤት ያሉ እድሮች አስቀድመው አግኝተውታል። ድንኳኑም፣ አግዳሚ ወንበሩም፣ ብረት ድስቱም፣ ትሪውም የእድሩ ነው፤ ለሠርግም ለሐዘንም ወጥቶ በቁጥር ይመለሳል። እዚህም አንድ ሕንፃ ወይም አንድ ሰፈር የሚኖሩ አምስት ቤተሰቦች አምስት የሃምሳ ሰው ድስት የሚያስቀምጡበት ምክንያት የለም። ሁለት በጋራ ይቀመጥ፣ የሚመዘገብበት ደብተር ይኑር።

አደራውንስ? ሰው አደራ መጣል አለበት አንልም። መጠየቅ ግን ይቻላል። እኛ ያቺን ወዳጃችንን ደወልንላት። ነገሩን እስክንጀምር ድረስ ጨንቆን ነበር። «ካርቶንሽ አለ፤ ምን እናድርግ?» ስንላት ለጊዜው ዝም አለች። ከዚያ «እንዴ እህቴ፣ እስካሁን አለ እንዴ? እኔ ረስቼዋለሁ እኮ!» ብላ ሳቀች። ካርቶኖቹን በስልኩ ቪዲዮ ፊት ለፊቷ ከፈትናቸው። ድስቶቹን ለአዲስ መጪ ስጡልኝ አለች፤ ስኒዎቹንም። እናቷ የሰጠቻትን ጀበና ስታይ ግን ድምፅዋ ተለወጠ፤ እሷ ትቀመጥልኝ አለች። ሁለት ካርቶን ወደ አንድ ጀበና ወረደ። ለካስ ስምንት ዓመት የጠበቅነው ጀበናዋን ነበር፤ ሌላውን ከእሷ ጋር አብረን ነው የጠበቅነው።

ማስቀመጥ ላይ ብዙ አንቆይም። ዕቃ በሚሠራበት አጠገብ ይሁን፤ ጭልፋና ማማሰያ ከምድጃው አጠገብ፣ መክተፊያና ቢላ ከውሃው አጠገብ፣ ስኒና ስኳር ከጀበናው ጋር። ከባድ ነገር ከታች፣ ቀላል ከላይ። ሙቀጫ ከራስ በላይ መደርደሪያ ላይ ያየንበት ቤት አለ፤ ዘነዘናውን አስቡት። ልጅ በየቀኑ የሚፈልገው ሳህኑና የውሃ ብርጭቆው እጁ በሚደርስበት ከፍታ ይሁንለት። የስድስት ዓመት ልጅ ውሃ ለመጠጣት ወንበር ላይ መውጣት ካለበት፣ ያ ማዕድ ቤት እሱን አልቆጠረውም ማለት ነው።

አሁን ብዙ ልናወራበት ወደምንፈልገው ወደ ሙቀቱ እንምጣ፤ እዚህ ከተማ የማዕድ ቤት ሥርዓት የሚፈተነው በእሱ ነውና። አገር ቤት ክረምት ሆኖ ዝናብ ሲወርድ እዚህ ከ40 ዲግሪ በላይ ነው፤ ካምሲን የሚባለው ነፋስም አቧራውን በየቀዳዳው ያስገባል። ሙቀቱ ሲበርድ ደግሞ የባሕሩ እርጥበት ይመጣል፤ ጨው ይረጥባል፣ በርበሬ ይጓጉላል። አዲስ አበባ ላይ በአንድ ባልዲ ዓመት የሚቆይ በርበሬ እዚህ አይቆይም። እርጥበት ያገኘ በርበሬ ይሻግታል፤ ከሻጋታ ዓይነቶችም አፍላቶክሲን የሚባል ጉበት የሚጎዳ መርዝ የሚያመነጩ አሉ። ይህ መርዝ ወጥ ሲቁላላ አይጠፋም። «ፀሐይ አስመትተን እናበላዋለን» የምንለው በርበሬ ሽታው ከተለወጠ ወይም ሻጋታ ከታየበት መውጣት አለበት፤ የቱንም ያህል ቢወደድ።

መፍትሔው ትልቁን በሁለት መክፈል ነው። አብዛኛው በደንብ በሚገጥም ደረቅ ዕቃ ታሽጎ፣ ከተቻለ ፍሪዘር ውስጥ ይቀመጥ፤ ለሁለትና ለሦስት ሳምንት የሚበቃው ብቻ በትንሽ ብልቃጥ ከምድጃው ራቅ ብሎ ይውጣ። ከምድጃው በላይ ያለ መደርደሪያ ለቅመም ከሁሉ የባሰ ቦታ ነው፤ እንፋሎቱም ሙቀቱም እዚያ ይደርሳል። ማንኪያው ሁልጊዜ ደረቅ ይሁን። ቅመም ሳይፈጭ የበለጠ ይቆያል፤ ኮረሪማውንና ጥቁር አዝሙዱን በፍሬው አስቀምጣችሁ ጥቂት ጥቂት ፍጩ። ተልባ ሲፈጭ ቶሎ ይኮመጥጣል። ንጥር ቅቤ የሚቆየው ውሃው ወጥቶ ስላለቀ ነው፤ እርጥብ ማንኪያ ያስወጣነውን ውሃ መልሶ ያገባበታል።

ሽሮና ዱቄት ላይ የሚወጣው ነቀዝ ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያው በእንቁላል መልክ አብሮ የመጣ ነው። አዲስ የመጣውን ዱቄት ከነባሩ ጋር ከመቀላቀላችሁ በፊት አሽጋችሁ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ በሆነ ፍሪዘር ለአራት ቀን ብታሳድሩት ነቀዙም እንቁላሉም ይሞታል። ስታወጡት ወዲያው አትክፈቱት፤ ሙቀቱ እስኪስተካከል ጠብቁ፤ አለዚያ የአየሩ እርጥበት ዱቄቱ ላይ ያርፋል።

እንጀራ ጠርዙ ሲሻግት ጠርዙን ቆርጦ ማቅረብ የብዙዎቻችን ልማድ ነው፤ እኛም ከዚያው ነን። ሻጋታ ግን ከሚታየው በላይ ወደ ውስጥ ሥር አለው፤ ለስላሳ ምግብ ላይ ቆርጦ ማዳን አይቻልም። የሦስት ቀን ጋግራችሁ የሁለቱን ቀን በላስቲክ ጠቅልላችሁ ፍሪዘር ብታስገቡት፣ በሚበላበት ቀን ወጥቶ ይለሰልሳል።

የበሰለ ምግብ ላይ ደግሞ ሰዓት ቁጠሩ። ምግብ የሚያበላሹና የሚያሳምሙ ተሕዋስያን በፍጥነት የሚራቡት ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ባለው መካከል ነው። በተለመደ አየር የበሰለ ወጥ ከሁለት ሰዓት በላይ ውጭ መቆየት የለበትም፤ አየሩ ከ32 ዲግሪ ካለፈ አንድ ሰዓት ብቻ ነው። የኛ ማዕድ ቤት በሐምሌ ስንት እንደሆነ ታውቁታላችሁ። የምሳ ወጥ ድስቱ ላይ እንደሆነ እስከ እራት የሚጠብቅበት ልማድ አገር ቤት በብርድ የተማርነው ነው። ሩዝም ቢሆን ውጭ ማደር አይወድም፤ ከምግብ ማብሰያ እሳት የሚተርፍ ተሕዋስያን አለው። ትልቅ ድስት በሙሉ ትኩስ ሆኖ ፍሪጅ ሲገባ መሀሉ ለብዙ ሰዓት ይሞቃል፣ ጎረቤቱንም ያሞቃል፤ ጥልቀት በሌላቸው ትናንሽ ዕቃዎች ከፋፍላችሁ አስገቡት፤ በሦስት በአራት ቀን ውስጥም ይበላ። ጥሬ ሥጋ ከታች መደርደሪያ፣ የበሰለው ከላይ። ወተት በሩ ላይ አይቀመጥ፤ በሩ የፍሪጁ ሞቃት ቦታ ነው። ፍሪጁን ደግሞ እንደ ዕቃ ቤት አትጠቅጥቁት፤ አየሩ መዞር ሲያቅተው ሞተሩ ይደክማል፣ የመብራት ሂሳቡም ይንራል።

አደገኛ ነገሮችን በተመለከተ የራሳችንን ጥፋት እንናገራለን። ትንሹ ልጃችን አራት ዓመቱ ሳለ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስንመለስ ማዕድ ቤት ቆሞ ያለቅሳል። በረኪና ከትልቁ ጀሪካን ላይ ቀድተን በውሃ ፕላስቲክ ጠርሙስ ከገንዳው አጠገብ አስቀምጠን ነበር። ሞቆታል፣ ጠምቶታል፣ ጠርሙሱ የውሃ ነው። ተጎነጨና ተፋው። እግዚአብሔር ይመስገን ከከንፈሩ መቁሰል በላይ አላደረሰበትም። ነገር ግን ጠርሙሱን እዚያ ያስቀመጠው ልጁ አይደለም። ሃያ ዓመት ሙሉ ለሰው ልጅ ስለ ጥንቃቄ ያስተማርን እኛ ነን።

ስለዚህ በረኪና፣ ነጭ ጋዝ፣ የአይጥ መርዝና የመጸዳጃ ቤት ማጽጃ በመጣበት ዕቃ፣ ከምግብ ተለይቶ፣ በቁልፍ ወይም ልጅ በማይደርስበት ከፍታ ይቀመጥ። በምንም ምክንያት በመጠጥ ጠርሙስ አታድርጉ። በረኪናን ከኮምጣጤ ወይም አሲድ ካለበት ማጽጃ ጋር አትቀላቅሉ፤ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። ልጅ ከጠጣ ደግሞ ለማስመለስ አትሞክሩ። ነጭ ጋዙ ወደ ሳንባ ሊገባ፣ በረኪናውም ሲመለስ ጉሮሮውን ዳግም ሊያቃጥል ይችላል። ጠርሙሱን ይዛችሁ በፍጥነት ወደ ሐኪም ቤት ሂዱ።

የጋዝ ሲሊንደር ቀጥ ብሎ ይቁም፤ ዕቃ አይጨናነቅበት። የምናበስልበት ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ካፈተለከ መሬት ይዞ ነው የሚተኛው፤ በካርቶን የተሞላ ወለል ደግሞ መውጫ ያሳጣዋል። ማፍተለኩን በሳሙና አረፋ እዩት እንጂ በክብሪት አይደለም። የቡና ከሰልም አለ። በዚህ ከተማ ማቀዝቀዣውን ከፍተን በሩንም መስኮቱንም እንዘጋለን። ጢሱ ያለቀ ፍም የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ አይታይም፣ አይሸትም፤ በተዘጋ ክፍል ይገድላል። ቡናው ሲያበቃ ከሰሉን ውጭ አውጡት።

አንድ ሥራ ለልጆቻችሁ ተዉላቸው፤ የብልቃጦቹን ስም መጻፍ። ይህን የምንለው እንደ ርእሰ መምህር ነው። ልጆቻችን መንገድ ላይ ሶማሊኛና ዐፋርኛ፣ በየሱቁ ፈረንሳይኛና ዓረብኛ ይሰማሉ፤ አማርኛ የሚያነቡት ክፍል ውስጥ ብቻ ነው። ቤት ውስጥ የተጻፈ አማርኛ የሌለበት ልጅ ፊደሉን እንደ ፈተና ዕቃ ያየዋል። ነጭ ፕላስተርና እስክሪብቶ ስጡት፤ «ድንብላል»፣ «አብሽ»፣ «በሶብላ»፣ «ጦስኝ»፣ «መከለሻ» ብሎ ይጻፍ፣ የተከፈተበትን ቀንም ከሥሩ ያክል። ነጭ አዝሙድን ከጥቁር አዝሙድ፣ እርድን ከሚጥሚጣ በዓይኑም በአፍንጫውም ይለያል። ኮረሪማን በምን «ከ» ልጻፍ ብሎ ይጠይቃችኋል፤ እናንተም ትከራከራላችሁ። ጥቅሙ በዚህ አያበቃም። ዕቃው ስም ሲኖረው ቦታው የእናት ብቻ ምስጢር መሆኑ ይቀራል። እናት ስትታመም ወይም በሥራ ስታመሽ አባትም ልጅም ሽሮ መሥራት የሚችሉት ሽሮው የት እንዳለ ማንበብ ሲችሉ ነው። «እናንተ ምን ታውቃላችሁ፣ ልቀቁልኝ» የሚለው የእናቶቻችን ንግግር ግማሹ ፍቅር ነው፤ ግማሹ ግን መለያ የሌለው ብልቃጥ ነው።

ማጽዳትን ማስተማር ድፍረት ይሆንብናል። ማላመድና ማዝለቅ ግን በአንድ አርብ አይገኙም። እኛ ቤት የሠራው ትንሽ ሕግ አንድ አዲስ ዕቃ ሲገባ አንድ ነባር ይወጣል የሚለው ነው። ሁለት ጊዜ ጥሰነዋል፤ ሁለተኛው ጊዜ መጥበሻ ነበር፣ ርካሽ ስለነበረ።

ከጠረጴዛዋ ልጅ ቤት በኋላ ሄደን ነበር። እናቷ ጠረጴዛውን በሙሉ ማስለቀቅ አልቻሉም፤ ቦታውም አይበቃም። ግማሹን በፕላስተር መስመር አስምረው ከመስመሩ ወዲህ ድስት እንዳያልፍ አድርገዋል። ከራት በኋላ አንድ ሰዓት የልጅቷ ነው። ደብተሯ ላይ አሁንም አንዳንድ ጊዜ ጠብታ ይገኛል፤ መምህርቷም ቀይ እስክሪብቶዋን አታነሣበትም።

በሚቀጥለው የትምህርት ዘመን መክፈቻ፣ በመስከረም የመጀመሪያው ሳምንት፣ ከየቤታችሁ የተጣራውን ዕቃ በትምህርት ቤቱ ንብረት ክፍል እንቀበላለን። በቅርብ ከአገር የመጡና ባዶ ቤት የተከራዩ ቤተሰቦች በመካከላችን አሉ፤ ድስት፣ ምጣድ፣ ሳህን፣ ብርጭቆ ያስፈልጋቸዋል። የታጠበና ያልተሰበረ ይሁን። ክዳን የሌለውን ግን አታምጡብን፤ እሱ እኛም ጋ ሞልቷል።